ከግድቡ በላይ ያለው መሬት የማን ኃላፊነት ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣ በአንዲት የደጋ ከተማ የሚንቀሳቀስ የወንዝ ጥበቃ ማኅበር አባል ነኝ። ከተማዋ የምትጠጣው እኛ የምንንከባከበውን ወንዝ ነው። የውኃ አገልግሎት ድርጅቱ ግን የሚያስታውሰን በዓመት አንድ ቀን፣ ለችግኝ ተከላ ሰው ሲፈልግ ብቻ ነው። የተሰጠንን ቲሸርት ለብሰን እንተክላለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ እንመለሳለን፤ በጥር ስንሄድ ችግኙ በከብት ተበልቶ እናገኘዋለን። ከድርጅቱ ጋር በቁም ነገር ለመሥራት ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከማጣሪያ ጣቢያው መዝገብ ይጀምሩ።

በሐምሌ አንድ ማለዳ የወንዝ ወይም የግድብ ውኃ ወደሚጣራበት ጣቢያ ቢገቡ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው ቡናማውን ውኃ በተደረደሩ ብርጭቆዎች ሞልቶ፣ በየብርጭቆው የተለያየ መጠን ያለው አልሙኒየም ሰልፌት ጨምሮ ሲያማስል ያገኙት ይሆናል። ይህ ባለሙያዎቹ «ጃር ቴስት» የሚሉት ሙከራ ነው። ጭቃው እንደ አይብ እየቋጠረ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ውኃውን በሚፈለገው ልክ ካጠሩት መጠኖች መካከል አነስተኛው ተመርጦ ለዕለቱ ሥራ ይመዘገባል። ወንዙ በደፈረሰ ቁጥር ይህ መጠን ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፤ ኬሚካሉ ቶሎ ያልቃል፣ ማጣሪያው አሸዋ ቶሎ ቶሎ ይታጠባል፣ ለማጠቢያውም የተጣራ ውኃ ይባክናል። የከተማው ሰው ይህን ሁሉ የሚያውቀው ውኃው በፈረቃ ሲመጣ ነው።

ድርጅቱ ይህን መዝገብ በየዕለቱ ይይዛል፤ ነገር ግን አፈሩ ከየትኛው ቦረቦር፣ እስከ ወንዙ አፋፍ ከታረሰው ከየትኛው ማሳ ታጥቦ እንደመጣ በጣቢያው ውስጥ የሚውል ሠራተኛ ሊያውቅ አይችልም። ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ለመጀመሪያው ስብሰባ የተከላችሁትን ችግኝ ቁጥር ይዛችሁ አትሂዱ። ያለፉትን ሦስት ክረምቶች የድፍርስነትና የኬሚካል ፍጆታ መዝገብ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ እናንተም በእግራችሁ ዞራችሁ ያያችኋቸውን ቦረቦሮች፣ ምንጮች፣ የከብት መውረጃዎችና የልብስ ማጠቢያ ቦታዎች በአንድ ካርታ ላይ አስፍራችሁ አቅርቡ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ አብዛኛው ደለል ከተፋሰሱ ሁሉ እኩል ሳይሆን ከተወሰኑ ቦታዎች እንደሚመጣ ብዙ ጊዜ ይታያል። በሰፊ ኮረብታ ላይ ከሚበተን ችግኝ ይልቅ በእነዚያ ቦታዎች የሚሠራ ክትር፣ በማሳ ዳር የሚተከል የሣር መስመርና ከከብት ንክኪ የተጠበቀ ወንዝ ዳር ይበልጥ ይጠቅማል። የአንድ ቀን ዘመቻን የምንነቅፈው ተካዮቹን ንቀን አይደለም፤ ችግኙን እስከሚቀጥለው ክረምት የሚጠብቀው ሰው በዕቅዱ ውስጥ ስለሌለ ነው።

ከዚያ በኋላ የምትስማሙበትን በጽሑፍ አድርጉት። ድርጅቱ ገንዘብ፣ ላቦራቶሪና መረጃ ሲያቀርብ፣ ማኅበሩ ገበሬዎቹን ያነጋግራል፣ ሥራውን ይከታተላል፣ ከተመረጡ ነጥቦችም በየሳምንቱ ናሙና ይቀዳል። ሁለት አንቀጾች ግን እንዳይረሱ አጥብቀን እናሳስባለን። አንደኛው፣ በበጋ ከውኃ መቀበያው በታች ወንዙ እንዳይደርቅ ድርጅቱ ሳይጠልፍ የሚተወው የውኃ መጠን ነው። ሁለተኛው፣ ድርጅቱ ራሱ የማጣሪያ ዝቃጭ ወይም ያልታከመ ፍሳሽ ወደ ወንዙ ቢለቅ፣ ማኅበሩ ይህን በአደባባይ የመናገር መብቱ እንደተጠበቀ መሆኑ ነው። ገንዘብ የተቀበለ ማኅበር ዝም እንዲል ከተደረገ፣ የወንዙ ጠበቃ መሆኑ ይቀርና የድርጅቱ ሥራ ተቋራጭ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በአንድ የከተማ ውኃ አገልግሎት የምሠራ መሐንዲስ ነኝ። ለፓምፕ መለዋወጫና ለቧንቧ ጥገና የሚሆን ገንዘብ በማጣት በምንቸገርበት ጊዜ፣ ከከተማው ወሰን ውጭ ባለ መሬት ላይ እርከን ለመሥራት ከደንበኞች የተሰበሰበ ገንዘብ እናውጣ ብዬ ለውኃ ቦርዱ ምን ብዬ ላስረዳ?

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ጎረቤታችን ናይሮቢም ይህንኑ ጠይቃ ነበር፤ 95 በመቶ የሚሆነውን ውኃዋን የምታገኘው ከጣና ወንዝ የላይኛው ተፋሰስ ነው። (ይህ ጣና በአበርዴር ተራሮችና በኬንያ ተራራ አካባቢ የሚነሣው የኬንያ ረጅሙ ወንዝ እንጂ የእኛ ሐይቅ አይደለም።) እ.ኤ.አ. በ2015 የከተማዋ ውኃ ድርጅት፣ የኤሌክትሪክ አመንጪው ኩባንያ ኬንጄን፣ ዘ ኔቸር ኮንሰርቫንሲ የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅትና ሌሎችም በአንድ ላይ የውኃ ፈንድ መሠረቱ። ፈንዱ በዳገት ላይ ለሚያርሱ አነስተኛ ገበሬዎች የእርከን ሥራን፣ የዝሆን ሣርን፣ የዛፍ ችግኝንና የዝናብ ውኃ ማቆሪያን ይደግፋል።

ለቦርዱ የሚጠቅመው ፈንዱ ሲቋቋም የቀረበው ስሌት ነው። 10 ሚሊዮን ዶላር ቢወጣ በ30 ዓመት ውስጥ 21.5 ሚሊዮን ዶላር ጥቅም እንደሚገኝ ተገምቶ ነበር። ጥቅሙን ማን ያገኛል የሚለውን ሲመለከቱት ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የውኃ ድርጅቱ በዓመት ወደ 250 ሺህ ዶላር ያህል ወጪ ሲቆጥብ፣ ኬንጄን ከ600 ሺህ ዶላር በላይ ተጨማሪ ገቢ፣ ገበሬዎቹም በምርት ዕድገት እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያገኙ ነበር የተሰላው። ከሦስቱ አነስተኛው ድርሻ የውኃ ድርጅቱ ነው። እንግዲህ የውኃ ድርጅት ብቻውን ሒሳቡን ቢሠራ «አያዋጣም» ብሎ ሊተወው ይችላል፤ ግድቡን የሚጠቀሙትን ሁሉ ጠርቶ ሲያሰላ ግን ያዋጣል። እርስዎም ወደ ቦርዱ ከመግባትዎ በፊት፣ ከዚያው ወንዝ የሚጠቀም የመስኖ ማኅበር፣ የመጠጥ ፋብሪካ ወይም የኃይል ማመንጫ ካለ ስማቸውን ይዘው ይግቡ።

በጀቱን በተመለከተ የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ የሄደችበት መንገድ የበለጠ ይቀርባችኋል ብለን እናምናለን። እ.ኤ.አ. በ2000 የከተማው ውኃ ድርጅትና ዘ ኔቸር ኮንሰርቫንሲ ያቋቋሙት ፈንድ የተነሣው በ21 ሺህ ዶላር ብቻ ነበር። በኋላ በከተማው ደንብ ከውኃ ሽያጭ ገቢ 2 በመቶው በየዓመቱ እንዲገባለት ተወሰነ። ፈንዱ የ80 ዓመት ዕድሜ ተሰጥቶት ስለተቋቋመ ሥራ አስኪያጅ በተለወጠ ቁጥር አይፈርስም። ከታሪፉ ላይ የተወሰነች ትንሽ መቶኛ፣ በራሷ የሒሳብ ቁጥር ተለይታ ብትያዝ፣ ከአንድ ጊዜ የውጭ እርዳታ ይልቅ ትዘልቃለች።

ቦርዱን ስታስረዱ ግን ያልሆነ ተስፋ አትስጡ። የተፋሰስ ሥራ ማጣሪያንና ክሎሪንን አይተካም፤ ውጤቱም የሚታየው ከጥቂት ክረምቶች በኋላ ነው። ተፋሰሷን በመጠበቋ ምክንያት አብዛኛውን ውኃዋን ሳታጣራ ለሕዝቧ የምታደርሰው ኒው ዮርክ እንኳ ውኃውን በክሎሪንና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ታክማለች።

ጥያቄ፦ አባቴ የሚያርሰው ለከተማ ውኃ ከሚሰጥ ግድብ በላይ ነው። የሚመጡት ሰዎች ሁሉ «ወንዙ ዳር አትረስ፣ ከብትህን አታውርድ» ይሉታል። እርሱ ግን እስከ ዛሬ የቧንቧ ውኃ የለውም፤ እናቴ የምትቀዳው ከዚያው ወንዝ ነው። ይህ ትብብር የሚሉት ነገር ለእኛ ምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ይህን ጥያቄ ከሁሉ በፊት ልናስቀድመው ይገባን ነበር።

ኒው ዮርክ ዛሬ ለዓለም ምሳሌ ተደርጋ ብትጠቀስም የጀመረችው አባትዎን «አትረስ» እንደሚሉት ሰዎች ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት የውኃ ማጠራቀሚያዎችን ለመሥራት በካትስኪል ተራሮች መንደሮችን አስነሥታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ በተፋሰሱ ገበሬዎች ላይ ጥብቅ ደንብ ልታወጣ ስትነሣ ከፍተኛ ተቃውሞ ገጠማት። መንገዱ የተከፈተው ደንቡን ወደ ጎን ትታ ከገበሬዎቹ ጋር ስትቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ገበሬዎች ራሳቸው የሚመሩት የተፋሰስ ግብርና ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ለየእርሻው የሚስማማው ዕቅድ ከባለቤቱ ጋር ይወጣል፣ መግባቱ በፈቃድ ነው፣ ወጪውን ከተማዋ ትሸፍናለች። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ከተማዋ፣ ክፍለ ግዛቱ፣ የተፋሰሱ ከተሞችና የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች በአንድ ስምምነት ላይ ፈረሙ።

አዲስ አበባ የምትጠጣባቸው የለገዳዲ፣ የድሬና የገፈርሳ ግድቦች ተፋሰስ ከከተማዋ ወሰን ውጭ በኦሮሚያ ክልል ይገኛል፤ ከግድብ በላይ ያለው ገበሬ ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ የማይሰጥባቸው ከተሞች ሌሎችም አሉ። ስለዚህ ጥቅሙ በውል ካልተጻፈ ማንም አያስታውሰውም። አባትዎን ለማነጋገር የወንዝ ጥበቃ ማኅበር ሲመጣ፣ ከወንዙ ዳር ለሚተውት መሬት ምን እንደሚተካላቸው፣ በመስመሩ ላይ የሚበቅለው ሣር የእርሳቸው ከብቶች መኖ መሆኑን፣ ከብቶቹ ከወንዙ ርቀው የሚጠጡበት ገንዳ በማን ወጪ እንደሚሠራ ይጠይቁ። የቦኖ ውኃው ደግሞ በውሉ ላይ ከእርከኑ ቀድሞ ይጻፍ፤ ቀድሞም ይሠራ። እናትዎ ከወንዙ መቅዳት ሳያቆሙ አባትዎን ከወንዙ ራቁ ማለት አይገባም፤ ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ የውኃ ድርጅት ኃላፊዎችም የምንለው ይህንኑ ነው።