የትኛውን ሰዓት ነው የጠየቁዎት?

ውድ ጠያቂያችን፣ ለጀማሪ የሲስተም አስተዳዳሪነት በቀረቡበት ቃለ መጠይቅ «በዚህ ማህደር ውስጥ መጨረሻ ላይ የተለወጠው ፋይል የቱ ነው?» ሲባሉ ዝርዝሩን አውጥተው ቀኖቹን አንድ በአንድ በዓይንዎ ማመሳከር እንደጀመሩ፣ ፈታኙም መልስዎን ሳይጠብቅ ወደ ሌላ ጥያቄ እንዳለፈ ጽፈውልናል። የሊኑክስ ትእዛዞችን አማራጮች ሁሉ በቃልዎ መያዝ ይገባዎት እንደሆነም ጠይቀዋል። አይገባዎትም፤ የአጠቃቀም መመሪያው እዚያው ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ በተርሚናሉ ላይ አለ።

እጅዎ ሊለምደው የሚገባው «ኤልኤስ ሰረዝ ኤልቲአር» (ls -ltr) ነው፤ «ኤልኤስ» በማህደሩ ያሉትን ፋይሎች የሚዘረዝር ትእዛዝ ነው። «ኤል» ዝርዝር መረጃውን ያወጣል፣ «ቲ» በስም ተራ የነበረውን በመጨረሻው የይዘት ለውጥ ሰዓት አዲሱን አስቀድሞ ይደረድራል፣ «አር» ደግሞ ተራውን ይገለብጠዋል፤ በዚህም ምክንያት እጅግ ብዙ የሎግ (የክንውን መዝገብ) ፋይል ባለበት ማህደር ውስጥ እንኳ አዲሱ ፋይል ከታች፣ ቀጣዩን ትእዛዝ ከሚጽፉበት መስመር አጠገብ ይገኛል። ከስድስት ወር በላይ የቆየ ፋይል ግን በሰዓቱ ፈንታ ዓመቱ ስለሚታይ፣ ሙሉው ሰዓት ሲያስፈልግዎ «ፉል ታይም» (--full-time) የሚለውን አማራጭ ይጠቀሙ።

በእኔ ግምት ፈታኙ ሊመዝን የፈለገው ግን ፊደላቱን ማስታወስዎን ሳይሆን ስለየትኛው ሰዓት እንደሚናገሩ ማወቅዎን ነው። ሊኑክስ ለአንድ ፋይል ይዘቱ የተለወጠበትን፣ የተነበበበትን፣ እንዲሁም ፈቃዱን (ማን ሊያነበው ወይም ሊለውጠው እንደሚችል) ወይም ባለቤቱን የመሰለ መረጃው የተለወጠበትን ሰዓት ለየብቻ ይመዘግባል። ይህን ሦስተኛውን፣ በ«ሲ» (ctime) የሚጠራውን፣ ብዙ አመልካቾች ፋይሉ የተፈጠረበት ሰዓት ነው ይላሉ፤ ስሕተት ነው። አንድ ሰው የቆየ የማዋቀሪያ ፋይል ፈቃድ ዛሬ ሌሊት ለውጦ አገልግሎቱ ቢቆም፣ «ኤልቲ» (ls -lt) ፋይሉን ከአሮጌዎቹ ጋር ያስቀምጠዋል፣ በ«ሲ» ሰዓት የሚደረድረው «ኤልቲሲ» (ls -ltc) ግን ወደ ላይ ያወጣዋል። የንባብ ሰዓትን ደግሞ ብዙም አይመኑት፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ባሉት የሊኑክስ ከርነሎች (የሥርዓቱ እምብርት በሆኑት ፕሮግራሞች) እንደተለመደው አሠራር በእያንዳንዱ ንባብ አይታደስምና።

ስክሪፕት (ትእዛዞችን በተከታታይ የሚያስኬድ ፋይል) እንዲጽፉ ከተጠየቁ የ«ኤልኤስ»ን ውጤት እየቆራረጡ አይጠቀሙ፤ የፋይል ስም ክፍት ቦታ፣ አልፎ አልፎም አዲስ መስመር ሊይዝ ስለሚችል ውጤቱ ይዛባል። ባለፈው አንድ ሰዓት የተለወጡትን ለመለየት ፋይል ፈላጊው ትእዛዝ «ፋይንድ» (find) በደቂቃ ከሚቆጥረው «ኤምሚን» (-mmin) አማራጩ ጋር ይበቃዎታል።

ከሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ በፊት በባዶ ማህደር ውስጥ ሦስት ፋይሎች ይፍጠሩ፤ የአንዱን ይዘት፣ የሌላውን ፈቃድ ይለውጡ፣ የሦስተኛውን ሰዓት በ«ተች» (touch) ትእዛዝ ወደ ኋላ ይመልሱ፣ ከዚያም ሦስቱንም የፋይልን ሰዓቶች ሁሉ በሚያሳየው «ስታት» (stat) ይመርምሩ። «ተች» የይዘቱን ሰዓት ወደፈለጉበት ቀን ሲወስደው የ«ሲ» ሰዓት ግን ትእዛዙን የሰጡበትን ቅጽበት መዝግቦ ያገኙታል። ፈታኙ ያንኑ ጥያቄ ቢደግምልዎ፣ ትእዛዙን ከመጻፍዎ በፊት «የይዘት ለውጥ ነው ወይስ የፈቃድ?» ብለው ይጠይቁት።