ጊታሩ ለጥምቀት አልደረሰም፤ ቀብዴን በእጥፍ ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ «የጎንደር ነዋሪ ነኝ። ማታ ማታ ሆቴል ውስጥ ሙዚቃ እጫወታለሁ። ክራርና ማሲንቆ የሚሠሩ፣ ጊታርም የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ። መስከረም ላይ አኩስቲክ ላፕ ስቲል ጊታር (ጭን ላይ አጋድመው በብረት የሚጫወቱትን) እንዲሠሩልኝ በ60,000 ብር ተስማማን። 25,000 ብር ቀብድ በቴሌብር ላክሁ። ያመጣሁላቸውን ዋንዛም አይተው ወደዱት። ለጥምቀት ሊያደርሱልኝ ነበር። ይኸው ግንቦት ገባ፤ አሁንም ‹እያለቀ ነው› ይሉኛል። የተጻፈ ውል የለንም። አሁን አዲስ አበባ ሌላ ጊታር አግኝቻለሁ። ቀብዴን በእጥፍ መጠየቅ እችላለሁ? በማታለል ብከሳቸውስ?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ አጭር ስለሆነ። ፖሊስ ጋ አይሂዱ። የማታለል ወንጀል (የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692) አንድ ሰው በሐሰት ነገር አሳምኖ ገንዘብዎን ሲወስድ ነው። ሱቃቸው ክፍት የሆነ፣ ስልክ የሚያነሱ፣ እንጨትዎም እጃቸው ላይ ያለ ባለሙያ ስለዘገዩ ብቻ አታላይ አይባሉም። ጉዳዩ የውል ነው። ያለ ማስረጃ ወንጀለኛ ብለው ቢከሱ ነገሩ ወደ እርስዎ ሊዞር ይችላል።

ወረቀት አለመኖሩም አያስደንግጥዎ። እንዲህ ያለ ዕቃ በቃል ስምምነትም ይታዘዛል (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1719)። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። የቴሌብር መልእክቱ 25,000 ብር ከእርስዎ ወደ እሳቸው መሄዱን ያሳያል፤ ለምን እንደሄደ አይናገርም። «ያበደርኩትን መለሰልኝ» ቢሉስ? ይህን ክፍተት የሚሞላው በስልክ የተጻጻፋችሁት ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ስላለ፣ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ አያጣም። ስለዚህ አንድም የድምፅ መልእክት እንዳይሰርዙ። ስልክ የሚቀይሩ ከሆነ አስቀድመው ሌላ ቦታ ያስቀምጡት።

ስለ ቀብድ የሰሙት ግማሹን ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ በሌላ አኳኋን ካልተስማማችሁ በቀር፣ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ከተወ እጥፍ ይመልሳል። ቀብድ የሰጠው ሰው ከተወ ደግሞ ቀብዱ ይቀርበታል። «እጥፍ» የሚለውን ሁሉም ሰው በቃሉ ይዞታል፤ ቀጥሎ ያለውን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ጋሼ «አልሠራም» አላሉም። ለመተው እያሰቡ ያሉት እርስዎ ነዎት።

አሁን ወዳልነገሩኝ ነገር እንምጣ።

«ያመጣሁላቸውን ዋንዛ» ብለው በአንድ ትንፋሽ አልፈውታል። እኔ ግን እዚያ ላይ ቆምኩ። እንጨቱ የእርስዎ ከሆነ፣ መቼ ነው የተቆረጠው? መስከረም ላይ የክረምቱን ዝናብ የጠጣ ሳንቃ ተሸክመው ሄደው ከሆነ፣ ለጥምቀት አለመድረሱ የማን ጥፋት ሊባል ነው? የእንጨት ሰዎች በአየር የሚደርቅ ሳንቃ ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል ይላሉ። የጊታር ሆድ ደግሞ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ስስ ጣውላ ነው። ያዘዙት አንገቱ ድረስ ውስጡ ባዶ የሆነውን የሃዋይ ዓይነት ከሆነማ፣ መሣሪያው በሙሉ አንድ ሳጥን ነው ማለት ይቻላል። ካልደረቀ እንጨት የተሠራ እንደሆነ በጋ ሲመጣ ይሰነጠቃል። ጋሼ ይህን አስረድተው «የዘገየሁት እንጨቱን ላደርቅለት ነው» ቢሉ፣ ዳኛው ጆሮ የሚሰጣቸው ይመስለኛል።

እንጨቱ የማን መሆኑ የውሉን ዓይነትም ሊቀይር ይችላል። ሠሪው በራሱ ዕቃ ሲሠራ ነገሩ ወደ ሽያጭ ያደላል። ዋናውን ዕቃ አዛዡ ሲያቀርብ ደግሞ ከአንቀጽ 2610 ጀምሮ ወዳለው የሥራ ውል ያደላል። ምን ያህሉ የእርስዎ ዋንዛ፣ ምን ያህሉ የእሳቸው እንጨት እንደሆነ ሳይታይ ይህን ከሩቅ መወሰን አይቻልም። ጠበቃ ጋ ሲሄዱ መጀመሪያ የሚያነሡት ይህንን ይሁን።

አዲስ አበባ ስላገኙት ጊታርም ልናገር። ቅር አይበልዎትና፣ ይህ ጥያቄ የተጻፈው ጥምቀት ስላለፈ ሳይሆን ያኛው ጊታር ስለተገኘ ይመስላል። መፈለግዎ ነውር የለውም። ግን ለጠበቃዎ አይደብቁት። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጊታር ገብቶ ሙዚቀኛው ሁሉ ሳይሰማ አይቀርም፤ ጋሼም ይሰማሉ።

ዋናው ነገር ከጥር እስከ ግንቦት ያለው ነው። ስለዚያ ጊዜ አንድም ቃል አልጻፉልኝም። አራት ወር ሙሉ ዝም አልተባባላችሁም መቼም። ደንበኞች ቢሮዬ መጥተው ስልካቸውን ሲከፍቱ ብዙ ጊዜ የምሰማው ይህንን ነው፦ «ችግር የለውም ጋሼ፣ ተረጋግተው ይሥሩት። ለፋሲካም ከደረሰ ጥሩ ነው።» በጨዋነት የተነገረ ነው። ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ጊዜ ማራዘም ሊሆን ይችላል። ለጥምቀት የነበረው ቀጠሮ ለፋሲካ ሆነ፤ ፋሲካ ሲያልፍ «አይዞዎት» ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ቀጠሮ የሚባል ነገር ጠፋ።

ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ እዚህ ጋ ነው። አንቀጽ 1772 ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ብለው ከመከራከርዎ በፊት «ግዴታህን ፈጽም» ብለው እንዲያስጠነቅቁት ይጠይቃል። መዘግየቱ ብቻውን አይበቃም። መናደድዎም አይበቃም። ደጋግሞ «እህ፣ የት ደረሰ?» ማለትም ማስጠንቀቂያ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸው ጊዜያት አሉ (አንቀጽ 1775)። ለምሳሌ ሥራው በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተፈጸመ ዋጋ የሌለው ከሆነና ጊዜው ካለፈ፣ ወይም ሠሪው አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ከነገረዎ። «ለጥምቀት ነበር» ያሉት ይህን አስበው ከሆነ፣ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ከጥር 11 በኋላ ጊታሩ እንደማይጠቅምዎት ሲያዙ ነግረዋቸዋል? ወይስ «ለጥምቀት ቢደርስ ደስ ይለኛል» ነው ያሉት? ሁለቱ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ከበዓሉ በኋላ እየደወሉ «የት ደረሰ» ማለትዎ ራሱ ጊታሩን አሁንም እንደሚፈልጉት ያሳያል።

ለምን እንደማያስጠነቅቁ አውቃለሁ። ትልቅ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ገብተው ቡና ጠጥተዋል። ይሉኝታ አለ። ወረቀት ሲልኩ መካሰስ የጀመሩ ይመስልዎታል። ይሁንና ያለ ማስጠንቀቂያ አንድ ቀን ተነሥተው «በቃ ትቼዋለሁ» ብለው ቢጽፉ፣ ያ መልእክት የእሳቸው ማስረጃ ይሆናል። ቀብድ ሰጪው በራሱ ፈቃድ ውሉን እንደተወ ተቆጥሮ 25,000 ብሩ ሊቀርብዎት ይችላል። አስጠንቅቀው የሰጡት ጊዜ ካለፈ ግን ውሉን ያልፈጸሙት እሳቸው ናቸው። ለማንኛውም ያንን መልእክት እስካሁን ልከውት ከሆነ ሌላ ነገር ሳይጽፉ ጠበቃ ያማክሩ።

አጻጻፉ ከባድ አይደለም፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። መስከረም ላይ በተስማማነው መሠረት ለጥምቀት ሊያስረክቡኝ የነበረው አኩስቲክ ላፕ ስቲል ጊታር እስከ ዛሬ አልደረሰኝም። እስከ ሰኔ 30 ቀን እንዲያስረክቡኝ እጠይቃለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ አልቀበልም። ውሉን አፍርሼ የከፈልኩትን 25,000 ብርና እንጨቴን እጠይቃለሁ።» ስድብ የለውም፣ ዛቻ የለውም። ቁርጥ ያለ ቀን ግን አለው።

ቀኑ ምክንያታዊ መሆን አለበት (አንቀጽ 1774)። «በሦስት ቀን» ብለው ቢጽፉ አያዋጣም። ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት አንድ ሰው ይዘው ሱቃቸው ይሂዱ። ሳጥኑ ተዘግቷል? ቀለም ነው የቀረው? ወይስ ዋንዛው ገና ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል? ፈቅደውልዎት ፎቶ ያንሡ። ማስጠንቀቂያውን በእጅ ሲሰጡ ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» ብለው ይፈርሙልዎ። እምቢ ካሉ ሲሰጡ ያዩ ሁለት ሰዎች ይኑሩ፤ በቴሌግራምም ይላኩት።

ሽማግሌ ይግባ ከተባለ እሰየው። እኔም እመርጠዋለሁ። ግን ሽማግሌዎቹ «ሁለት ወር ይጨመርላቸው» ብለው ቢፈርዱና እርስዎም እሺ ብለው ቢነሡ፣ ማስጠንቀቂያዎ ከሽምግልናው ጋር ሊፈርስ ይችላል። አዲሱ ቀን ይጻፍ፤ ያ ቀን ካለፈ ምን እንደሚሆንም አብሮ ይጻፍ። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ምስክሮችም ይፈርሙ።

ጊታሩ ከደረሰስ? ምናልባት ይደርሳል። ያን ጊዜ ተቀብለው ቤት ወስደው እንዳያስቀምጡት። ሕጉ ዕቃውን ቶሎ እንዲመረምሩና ጉድለት ካለው ሳይዘገዩ እንዲያሳውቁ ይፈልጋል (አንቀጽ 2291 እና 2292)። ላፕ ስቲል ላይ ደግሞ ጉድለትና ያልሆነውን መለየት ያስቸግራል። ጭን ላይ ተጋድሞ በብረት ስለሚጫወቱት ክሮቹ ከጣት መርገጫው ከፍ ብለው ነው የሚቀመጡት። የተለመደውን ጊታር የሚያውቅ ባለሙያ «ይሄማ ተበላሽቷል» ሊል ይችላል፤ ትክክለኛው ግን እንደዚያ ነው። በአንጻሩ ብረቱ ሲንሸራተት አንዱ ክር ዝቅ ብሎ ከጎረበጠ፣ ወይም ክሮቹ ሲወጠሩ ሆዱ ካበጠ፣ ያ ቅሬታ የሚቀርብበት ነው። የክር ቁመት፣ የክር ርዝመት፣ ቅኝትና የእንጨት ዓይነት እስካሁን በጽሑፍ ካልተቀመጡ አሁኑኑ በአንድ መልእክት ይጠይቋቸውና መልሳቸውን ይያዙ። ዳኛው እንዲህ ያለ መሣሪያ አይቶ ላያውቅ ይችላል፤ የሚመዝነው በተስማማችሁት ልክ ነው።

ጠበቃ ለመያዝ ኪስዎ ካልፈቀደ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የቴሌብሩን መልእክት፣ የድምፅ መልእክቶቹን በሙሉ (የሚያሳፍርዎትንም ጭምር) እና የሱቁን ፎቶ ይዘው ይሂዱ። ለአዲስ አበባው ጊታር ደግሞ በማስጠንቀቂያው ላይ የጻፉት ቀን እስኪያልፍ ድረስ ቀብድ እንዳይከፍሉ።