ባዶ ክፍል ለማየት ፈረንሳይ ድረስ?

ጥያቄ፦ የከዚራ እናት ነኝ። ፓሪስ ያለችው ልጄ በሐምሌ ልትወስደኝ ነው። ሠዓሊው ቫን ጎግ የኖረበትን ማደሪያ ለማየት ጓጉቻለሁ፤ ግን ክፍሉ ባዶ ነው አሉኝ። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ይሂዱ እንጂ እናቴ! ኦበርዥ ራቩ የሚባለው ይህ ማደሪያ ያለው ከፓሪስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ኦቬር ሱር ዋዝ ነው። አዎ፣ ክፍሉ ባዶ ነው። ስፋቱ 7 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ጣሪያው ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት፣ በቃ። ግን ልብ የሚነካው እሱ ነው፤ ምግቡን ጨምሮ በቀን 3 ፍራንክ ተኩል እየከፈለ እዚያች ጥበት ውስጥ እያደረ፣ በ70 ቀን ገደማ ውስጥ ከ70 በላይ ሥዕል ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1890 እዚያው አረፈ። ሐረር ጀጎል ያለውን የራምቦ ቤት ያውቁት የለ? እዚያ ገጣሚው በእርግጥ ኖሮበታል ወይ ተብሎ ይከራከሩበታል፤ እዚህ ግን ጥርጥር የለም።

በዚያው የሣላትን ቤተ ክርስቲያንና ከወንድሙ ከቴዮ ጎን የተቀበረበትን መቃብር በእግር ይደርሱባቸዋል። ማደሪያው ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ ልጅዎ ቀኑን ቀድማ ታጣራ፤ ደረጃውም ጠባብ ነውና ቀስ ይበሉ።