ስለ አፍሪካ ፀረ ቅኝ ግዛት ተጋድሎ ጠይቁኝ፣ በተለይ ስለ ሳሞሪ ቱሬ

ሰላም ለሁላችሁ። ሳሞሪ ቱሬን ሳነብ ዓመታት ሆኖኛል፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ዓመተ ምሕረት ስትጽፉ የእኛ ይሁን የፈረንጅ ግለጹ። እኔ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሳሞሪ ማን ነው? ትምህርት ቤት አልተማርነውም።
መልስ፦ የዛሬዋ ጊኒ ሰው ነው፣ ነጋዴ ነበር። በ1853 እናቱን ሲሴ የሚባል ገዥ ቤተሰብ ጦር ማረካት፤ እሷን ለማስለቀቅ ሲል ለማራኪዎቹ ወታደር ሆነ። ውጊያ የለመደው እዚያ ነው። በኋላ የዋሱሉን መንግሥት መሠረተ፤ ከ1882 እስከ 1898 ፈረንሳይን ተዋጋ።

ጥያቄ፦ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻለ? በጀግንነት?
መልስ፦ ጀግናማ የትም ነበር። ሳሞሪን ያቆዩት ብረት ቀጥቃጮቹ ናቸው። የተማረከ ጠመንጃ ይፈታሉ፣ እያንዳንዷን ብልት ያገላብጣሉ፣ ከዚያ በመዶሻና በሞረድ አምሳያዋን ያወጣሉ። እኛ ውጅግራ የምንለውን ሠርተዋል፤ ደጋግሞ የሚተኩሰውን ክሮፓቼክ እንኳ ሠርተዋል። ፋብሪካ የለ፣ ማሽን የለ። እኛ ቀጥቃጩን ቡዳ እያልን ስናርቅ እሱ መንግሥቱን በእነሱ እጅ ላይ አቆመ፤ ይሄ ሁሌ ያንገበግበኛል። ሌላውን መሣሪያ ከሴራሊዮን በንግድ ያስመጣ ነበር፤ ያ መንገድ ሲዘጋበት ሕዝቡን ይዞ ወደ ምሥራቅ ሄደ። የተወውን አገር እያቃጠለ ነው የሄደው፤ ፈረንሳዮች ሲደርሱ የሚበላ እህል አላገኙም።

ጥያቄ፦ በ1888 ሳሞሪ የት ነበር?
መልስ፦ በየትኛው 1888? አሁን አልኩ እኮ! በፈረንጁ ከሆነ ሲካሶ የምትባለውን ከተማ ከቦ አቅቶት፣ የገዛ ሕዝቡ አምጾበት ነበር። በእኛ ከሆነ፣ ማለትም አድዋ በተዋጋንበት ዓመት፣ በምሥራቅ፣ ዳባካላ በምትባል ከተማ ነበር። አያችሁ ልዩነቱን?

ጥያቄ፦ ያ አሳንቴዋ የምትባለዋስ ማን ናት?
መልስ፦ በዛሬዋ ጋና፣ በአሻንቲ ምድር፣ የኤጂሱ ንግሥት እናት ናት። የእንግሊዝ ገዥ የአሻንቲ መንግሥት ምልክት የሆነውን የወርቅ በርጩማ አምጡ ሲል በ1900 ጦር መራች። ሲሸልስ ተግዛ በ1921 እዚያው ሞተች።

ጥያቄ፦ ከሁሉም የሚበልጠው መሪ ማነው?
መልስ፦ በምን? በዘዴ? በጦር? እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ የለኝም።

አንድ ተሳታፊ፦ ምኒልክ ነዋ!
ሌላ ተሳታፊ፦ ጣይቱ ባትኖር? መቀሌ ላይ ውሃውን ያስያዘችው እሷ ናት።
የመጀመሪያው፦ ጦሩን ያከተተው ማን ሆነና?
መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የመቀሌው ዘዴ የጣይቱ ነው፣ ክተቱ የምኒልክ። አሁን ወደ ሳሞሪ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ሳሞሪ ባሪያ ይሸጥ ነበር ይባላል። ታዲያ እንዴት ጀግና ይባላል?
መልስ፦ ይሸጥ ነበር። ፈረስና ጠመንጃ የገዛው ምርኮኛ እየሸጠ ነው። በ1897 ኮንግን፣ ያንን የታወቀ የንግድና የትምህርት ከተማ፣ አወደመ። እዚያ ያሉ ሰዎች ስሙን በጀግንነት አያነሱትም፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ስለ ቀጥቃጮቹ ስጽፍ የተሸጡትንም አብሬ እጽፋለሁ፤ አንዱን ትቶ ሌላውን ማውራት ውሸት ነው።

ጥያቄ፦ መጨረሻው ምን ሆነ? ዓመቱን በእኛ ቢነግሩን።
መልስ፦ ተባረክ፣ እንዲህ ነው መጠየቅ። በመስከረም 1891 ተማረከ፣ በፈረንጁ 1898 መሆኑ ነው። ጋቦን አጋዙት፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው እዚያው አረፈ።