ለቤት ባልትና የሚሆኑ መጻሕፍት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በቅርቡ ትዳር ይዘናል። የአገራችንን ምግብ የሚያስተምር አንድ መጽሐፍ ብቻ ብንገዛ የትኛውን ይመርጡልናል?

መልስ፦ በቅድሚያ የማነሣቸው ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ዳንኤል ጆቴ መስፍን በአሜሪካ ያሳተሙት «ኤግዞቲክ ኢትዮጵያን ኩኪንግ» ከወጣ ከ30 ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ የዘወትሩንም የበዓሉንም ወጥ በስፋት ስለያዘ እስካሁን ከእጄ አልራቀም። የምግብ ባለሙያው ዮሐንስ ገብረየሱስ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጡት «ኢትዮጵያ» ደግሞ ምግቡን ከሚዘጋጅበት አካባቢና ከሕዝቡ ልማድ ጋር አያይዞ ያቀርባል። ለጀማሪ ይህን ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ሌሎች መጻሕፍት ሲያጋጥሙኝ ጥሩውን በምን ልለይ?

መልስ፦ ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ገጽ ያንብቡ። አንዱ የእንጀራ ገጽ ነው። ሊጡ ለጥቂት ቀናት ከቦካ በኋላ ላዩ ላይ የቀረረውን ውኃ መድፋትን፣ ከሊጡ ጥቂት ቀንሶ ከውኃ ጋር እሳት ላይ እያማሰሉ አብሲት መጣልን የማያነሣ መጽሐፍ ዓይኑ የወጣ እንጀራ ሊያስጋግርዎ አይችልም። የስንዴ ዱቄት በሶዳ ውኃ በጥብጦ ወዲያው መጋገርን «እንጀራ» ብሎ የሚያቀርብ ከሆነ መልሰው ያስቀምጡት።

ሌላው የዶሮ ወጥ ገጽ ነው። «ሽንኩርቱን ለ10 ደቂቃ ጥበሱ» ብሎ የሚያልፍ ጸሐፊ ድስቱ አጠገብ ቆሞ ቁሌት አላቁላላም ብዬ አምናለሁ። በደንብ የደቀቀ ብዙ ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት፣ በለዘብተኛ እሳት፣ ድስቱን ሲይዝ ውኃ ጠብ እያደረጉለት ሲቁላላ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ጥሩ መጽሐፍ ከደቂቃው ይልቅ የሚታየውንና የሚሸተውን ይነግራል፦ ሽንኩርቱ ቅርጹን አጥቶ እንደ ገንፎ ሲሆን፣ በርበሬው ጥሬ ሽታው ሲጠፋ፣ ቅባቱ ከዳር ዳር ሲወጣ።

ጥያቄ፦ የምኖረው አውሮፓ ነው። መጽሐፉ በኮረሪማ ፈንታ ሄል፣ በኮሰረት ፈንታ ኦሬጋኖ ይላል። ልቀበለው?

መልስ፦ ሄሉን አዎን፤ የኮረሪማ ዘመድ ነው፤ ሆኖም ጣዕሙ ስለሚለይ መጠኑን ቀነስ ያድርጉ። ኮሰረት ግን ምትክ ያለው አይመስለኝም። ቅቤው ያለ እርሱ ቢነጠር ይሻላል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሆኜ ከውጭ መጽሐፍ ኬክ ስጋግር ተነፍቶ መሐሉ ይሰምጣል። መጽሐፉ ተሳስቷል?

መልስ፦ አልተሳሳተም፤ የተጻፈው ለቆላ ከተሞች ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ኬኩ ቶሎ ይነፋል፤ ሳይጸና ይወድቃል። ለእያንዳንዱ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሩቡን ይቀንሱ፤ ለእያንዳንዱ ኩባያ ፈሳሽ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይጨምሩ፤ የምድጃውን ሙቀትም በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ያድርጉ። ውኃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላና ሽምብራም መጽሐፉ ካለው ጊዜ በላይ ይፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ ወጥ በወጥ ሳይዘረዝር የማብሰልን መሠረት የሚያስተምር መጽሐፍ አለ?

መልስ፦ የሳሚን ኖስራት «ሶልት፣ ፋት፣ አሲድ፣ ሂት» አለ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ስለ ጨው፣ ስለ ቅባት፣ ስለ ኮምጣጣነትና ስለ ሙቀት አስቀድሞ ካስረዳ በኋላ ነው ወደ ምግቡ ዝርዝር የሚገባው።

ጥያቄ፦ እናቴ የምትሠራው ሁሉ በግምት ነው፤ «እስኪበቃው» ትለኛለች። እንዴት ልጻፈው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። እናትዎን መጠን አይጠይቁ፤ እጃቸውን ይከተሉ። የበርበሬውን ዕቃ ከመጀመራቸው በፊት በኩሽና ሚዛን ይመዝኑት፤ ሲጨርሱ እንደገና ይመዝኑት፤ ልዩነቱ ድስት የገባው ነው። ሽንኩርቱን ከተላጠ በኋላ፣ ቅቤውን ከነዕቃው፣ ጨውንም እንዲሁ። እኔ የእናቴን ምስር ወጥ በዚህ መንገድ ሦስት ጊዜ መዝኜ ሳስተያይ፣ በግምት ነው ስንል የኖርነው እጅ ከጥቂት ግራም በላይ እንደማይዛነፍ አየሁ። ከቁጥሩ ጎን ደግሞ የሚናገሩትን ቃል በቃል ይጻፉ። «አሁን ድምፁን ስሚው፣ ረግቷል» ካሉ እንዳለ ያስፍሩት፤ ደቂቃውን በኋላ ይጨምሩበታል።