ለሕንፃ ሞዴል ስኬሉ ከረጅሙ ይጀምራል

ሰላም እህቴ። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችሽ የንግድ ባንክን፣ የአፍሪካ ኅብረትንና የቡርጅ ከሊፋን ሕንፃ በካርቶን ሠርተው ሲያቆሟቸው ሦስቱም እኩል ሆኑብኝ ብለሻል። የከተማችሁንም ፎቅ መጨመር ፈልገው ቁመቱን የሚነግራቸው አጥተዋል። ደብረ ብርሃን ሒሳብ ሳስተምር ይኸው ነው የገጠመኝ። ልጆቹ የሚነሱት በእጃቸው ካለው ካርቶን ነው፤ መነሻው ግን ረጅሙ ሕንፃ ነው።

ቡርጅ ከሊፋ 828 ሜትር ነው። ስኬሉን 1 ለ 500 ብትይ (እውነተኛውን ቁመት ለ500 ማካፈል ማለት ነው) 1 ሜትር ከ66 ስለሚሆን ከልጆቹ አብዛኞቹን ይበልጣል። 1 ለ 1000 ሲሆን 83 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ 209 ሜትር ስለሆነ 21 ሴንቲ፣ የአፍሪካ ኅብረቱ 99.9 ሜትር ስለሆነ 10 ሴንቲ ይሆናሉ። (99.9 የሆነው ኅብረቱ እንዲመሠረት የተወሰነበትን ቀን፣ በፈረንጆቹ 9/9/99ን፣ ለማስታወስ ነው፤ ይህን ስነግራቸው ቁጥሩን የረሳ ልጅ የለም።) ከሮም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት 24 ሜትር ነውና 2.4 ሴንቲ አድርገው ከጎን ቢያቆሙት ደስ ይላል።

ትልቁ ስሕተት ግን ወርዱ ላይ ነው። ቁመቱን በ1000 አካፍለው ወርዱን በግምት ይቆርጡታል፣ ሕንፃው ጆንያ ይመስላል። ወርዱን ካላወቃችሁ ከሩቅ፣ ፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ፈልጉ። ፎቶው ላይ ቁመቱ 12፣ ወርዱ 3 ሴንቲ ከሆነ ወርዱ የቁመቱ ሩብ ነው፤ 20 ሴንቲ ሞዴል 5 ሴንቲ ወርድ ይፈልጋል። ከሥሩ ሆኖ የተነሳ ፎቶ ጫፉን ስለሚያቀጥነው አይሆንም። በሩን ሲሠሩ ደግሞ ሰው አስቡ በያቸው፦ በ1 ለ 1000 ሰው ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፣ በ1 ለ 500 ምስር ያህላል። አንዷ ተማሪዬ በሩ አጠገብ ጤፍ በኮላ ለጥፋ ካየች በኋላ በሩን ራሷ አፍርሳ ሠራችው።

በጭቃ የሚሠሩ ካሉ ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል። የእኛ 21 ሴንቲ ሕንፃ ደርቆ 19 ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ከዚያ ወዲህ እርጥቡ ጭቃ ላይ 10 ሴንቲ መስመር እናሰምራለን፤ ሲደርቅ 9 ከሆነ የምንፈልገውን ቁመት በ10 አባዝተን ለ9 እናካፍላለን፣ 21ዱ ከ23 በላይ ሆኖ ይጀመራል።

ለከተማችሁ ፎቅ ጥላ ይበቃል። 1 ሜትር ዱላ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፤ የዱላውንና የፎቁን ጥላ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሜዳው ላይ ለኩ። የዱላው 80 ሴንቲ፣ የፎቁ 12 ሜትር ከሆነ ፎቁ 15 ሜትር ነው። ዱላውን ቀድማችሁ፣ ፎቁን ከሻይ በኋላ እንዳትለኩ፤ ጥላው ይሄዳል። ግን 15 ሜትሩ ከቡርጅ አጠገብ 1.5 ሴንቲ ብቻ ስለሚሆን ልጆቹ ያዝናሉ፤ ለብቻው በ1 ለ 100 ይሥሩት፣ ስኬሉንም ሥሩ ላይ ይጻፉበት።