የእንቁላሉ ቅርፊት የሚሠራው ማታ ስለሆነ መኖውን ወደ ከሰዓት አምጪው

ሰላም እህቴ። ቦቫንስ ብራውን የሚባሉትን እንቁላል ጣይ ዶሮዎች እንደምታረቢ፣ የቀኑን መኖ በሙሉ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሰጥተሽ ከሰዓት በኋላ መመገቢያው ባዶ እንደሚሆን ጽፈሻል። መኖው ያው ሆኖ ሳለ ቅርፊቱ እየሳሳ፣ ገና ከጎጆው ስታነሺው ይሰነጠቃል። አንዳንዷ ደግሞ በየቀኑ እያረፈደች ጥላ ጥላ አንድ ቀን ትዘላለች። ሁሉም ሰው «ካልሲየም ጨምሪበት» ብሎሻል። እኔ ግን መጀመሪያ ሰዓቱን ቀይሪ ባይ ነኝ።

አንድ እንቁላል ሆድ ውስጥ ተሠርቶ እስኪወጣ ከ24 እስከ 26 ሰዓት ይፈጃል። አስኳሉ ነጩን ለመልበስ 3 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ቅርፊቱ ግን ብቻውን 20 ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። ጠዋት የምትጥል ዶሮ አብዛኛውን ቅርፊት የምትሠራው ሌሊት ቆጥ ላይ ተኝታ ነው። በአንድ ቅርፊት ውስጥ 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለ፤ ዶሮ ደግሞ በጨለማ አትበላም። ታዲያ ከየት ታምጣው? ወይ ማታ ይዛው ከገባችው መኖ፣ ወይ ከገዛ አጥንቷ። አጥንቷ ውስጥ ለዚሁ የተቀመጠ ክምችት አላት፤ ግን በየሌሊቱ ከእሱ ብቻ ከተቀዳ ቅርፊቱም ይሳሳል፣ እግሯም ይዝላል።

ሰዓቱን እሷ ራሷ ታውቀዋለች። የኖራ ድንጋይ ጠጠር ለብቻው በዕቃ አስቀምጪላቸውና እዪ። ጠዋት ዞር ብለው የማያዩትን፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሻሙበታል።

እኔ ሲሶውን ጠዋት፣ የቀረውን ከ9 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ እሰጣለሁ። ጠጠሩንም ያኔ ነው የምጨምረው። እንደ ዱቄት የደቀቀው ቶሎ ያልፋል። ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር የሆነው ግን መኖ የሚፈጨው ጠንካራ ጨጓራ ውስጥ ይቆይና ሌሊቱን ቀስ እያለ ይሟሟል። መሸት ሲል ሁለት ሦስት ዶሮ ያዢና አንገታቸው ሥር፣ ደረታቸው ላይ ያለውን የመኖ ከረጢት በጣትሽ ዳብሺው። ሞልቶ፣ ጠጠሩ እየቆረቆረሽ ከሆነ ጥሩ ነው። ልል ከሆነ ባዶ ሆዷን ልታድር ነውና ጨምሪላት። ውኃም እስኪጨልም አይቋረጥባቸው።

ቆላ ላይ ከሆንሽ ሌላም ጥቅም አለው። ዶሮ ማታ ሰውነቷ በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ቀን ላይ ስትበላ ደግሞ መኖውን ስትፈጭ ሙቀት ታመነጫለች። ረፋድ ላይ ጠግባ የበላች ዶሮ በ7 ሰዓቱ ፀሐይ አፏን ከፍታ የምታለከልከው አንድም ለዚህ ነው።

የምትዘለዋን በተመለከተ፣ በጤናዋ ነውና ለወጥ አትፍረጂባት። እንቁላሉ ከ24 ሰዓት ትንሽ ስለሚበልጥ የመጣያዋ ሰዓት በየቀኑ ይገፋል። አዲስ አስኳል እንዲወርድ የሚያዘው ሆርሞን ደግሞ የሚነሳው በሌሊቱ ክፍል ነው። ሰዓቷ እየገፋ ከዚያ ሲያልፍባት አንድ ቀን ታርፍና እንደገና ከጠዋት ትጀምራለች።

መብራት ከጨመርሽ ማታ ሳይሆን ንጋት ላይ ጨምሪ። የእኛ አገር ቀን ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ 16 ሰዓት ለመሙላት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ማብራት በቂ ነው። በእርግጥ ያን ጊዜ መኖና ውኃ መኖር አለበት። ማታ አምፖል ድንገት ድርግም ሲል ቆጥ ላይ ያልወጡት መሬት ላይ ይቀራሉ፤ ንጋት ላይ ከሆነ ግን ምሽቱ በራሱ ጊዜ ቀስ ብሎ ይመሻል። ዛሬ በርቶ ነገ የሚጠፋ መብራት ግን ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል፤ ሰዓታቸውን ያዛባዋል። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆንሽ ትንሽ ሶላር ከሰዓት መቆጣጠሪያ ጋር ይበቃሻል።

ሳል፣ ማንኮራፋት ወይም የእንቁላል ቁጥር በድንገት መውረድ ካየሽ ግን የመኖ ሰዓት ጉዳይ አይደለም። ፈንግልም ሆነ ሌላ የመተንፈሻ በሽታ ቅርፊት ያበላሻል፤ ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ጥሪ።

ዕድሜያቸውን ደግሞ አልጻፍሽም። ከ70 ሳምንት ካለፉ እንቁላሉ እየተለቀ ያው ካልሲየም ሰፋ ባለ ቅርፊት ላይ ስለሚዳረስ፣ የመኖ ሰዓት ብቻውን ሙሉ በሙሉ አያስተካክለውም። ስንት ሳምንታቸው ነው?